ማዕዶት የመረጠችው ሽሪምፕ

አቶ ሀብቶም ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። ጡረታ ሲወጡ ጉርድ ሾላ ያለው ኮንዶሚኒየማቸው ሳሎን ውስጥ የጨው ውኃ አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ አቆሙ፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉና እንደ አበባ የሚከፈቱ የባሕር እንስሳት፣ ሰባት ኮራሎችም አሳደጉበት። ዓምና ግላኮማ ዓይናቸውን ሲጋርደው እንክብካቤው የልጃቸው የማዕዶት ሆነ። ማዕዶት መምህርት ናት፤ ስለ ኮራል የምታውቀው ከአባቷ የሰማችውን ብቻ ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ የዓሦቹን ትርፍራፊ ምግብ የሚለቅም ሽሪምፕ የሚባል ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር እንስሳ እንድትገዛ ላኳት። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳያት። አንዱ ቀይ ሆኖ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር አለው። ሌላው በቀይና በነጭ የተዥጎረጎረ፣ ጎባጣና ዓይነ ትልቅ ነው። ለኮራል የትኛው እንደሚስማማ ስትጠይቀው ሁሉም ያው ነው አላት። ጎባጣው አማራት፤ እሱን ወሰደች።

ብዙም ሳይቆይ ኮራሎቹ መከፈት ተዉ። አንድ ማለዳ ሽሪምፑ አንዱ ላይ ወጥቶ ሥጋውን እየቆነጠረ ሲበላ አየችው። አባቷ ኮራሎቹ እንዴት እንዳደሩ ሲጠይቋት ደህና ናቸው አለች። በማግስቱም እንዲሁ።

በሰኔ ወር አንድ ቀን እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልመው፣ አባቷ ክንዷን ይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ማዕዶት ቆመች።

«አባዬ፣ ኮራሎቹ እየሞቱ ነው። ስዋሽህ ነው የከረምኩት።»

አቶ ሀብቶም ክንዷን አልለቀቁም። ስንቱ እንደሞተ ጠየቋት፤ አራት አለች። ከዚያ የሽሪምፑን መልክ እንድትነግራቸው ጠየቋት።

«ጎባጣው ኮራል ይበላል» አሉ። «እንዴት እንደሚመረጥ ሳላስተምርሽ ነው የላክሁሽ። ውሸትሽ ግን ከኮራሎቹ ሞት ይልቅ ከበደኝ። አሁን እኮ የማየው በአንቺ ዓይን ነው።»

ማዕዶት አለቀሰች።

ቤት ሲደርሱ የላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣ፣ ገልብጣ መልሳ እንድትሰካውና ውስጡ ምግብ አድርጋ ገንዳው ውስጥ እንደ ወጥመድ እንድታስቀምጠው ነገሯት። ሽሪምፑ በነጋታው ገባ። እንድትጥለው አልፈቀዱም፤ የበላው ተፈጥሮው ያዘዘውን ነው ብለው ለብቻው በሌላ ገንዳ አኖሩት። ቀጥሎ ባለነጭ መስመሩን ልትገዛ ስትሄድ ሱቁ ውስጥ ሆና ደወለችላቸው፤ ጀርባውን፣ ረጃጅም ነጭ ጺሙን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ውሰጂው አሏት።

ነሐሴ ላይ የቀሩት ሦስት ኮራሎች ተከፈቱ። አራቱ አልተመለሱም። ማዕዶት የሞቱት የነበሩባቸውን ድንጋዮች አውጥታ አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችላቸው። አቶ ሀብቶም እያንዳንዱን በጣታቸው እየዳሰሱ በየትኛው ዓመት እንደተከሉት ነገሯት፤ እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።