እትዬ ፋዮ ዳታ ሳይከፍቱ

እኔ ማጽዳት ከጀመርኩ ግማሽ ላይ አላቆምም። ይህ ጠባዬ በኮንዶሚኒየማችን የታወቀ ነው፤ ደረጃ ስጠርግ የጎረቤትንም በር ደርቤ ነው የምጠርገው። ባለቤቴ ደገፋ በዚህ ሲያሾፍብኝ ኖሯል። ዱሮ በአፉ ነበር፣ አሁን በጽሑፍ ሆነ እንጂ።

ደገፋ እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት ባለጉዳይ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። ችሎቱ በር ላይ ቆሞ ስም ሲጠራ፣ እኔ የጠበቃ ካባ የምሰፋበት ሱቅ ድረስ ይሰማ ነበር። በኋላ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጣበትና ሐኪሞቹ ሕይወቱን አትርፈው ድምፁን ወሰዱ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ምረጪ ቢሉኝ እኔም ያንኑ ነበር የምመርጠው። ከዚያ ወዲህ ደገፋ የሚያወራው በስልኩ ነው። ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ይጽፋል፣ የኔ ስልክ ይጮኻል። «ወጡ በርበሬ በዝቶበታል» ይላል። እኔ በአፌ እመልስለታለሁ፤ ሱቅ ከዋልኩ ደግሞ እጽፍለታለሁ። እንዲህ ሆነን ስንጨቃጨቅም፣ ስንስቅም እንውላለን። ተመስገን ነው።

ዓይኔ ደከመ ስላት ልጃችን ሴና መልእክቶቼ ክላውድ በሚሉት ነገር በኩል ስልኬም ላይ፣ ትልቁ ታብሌት ላይም እንዲመጡልኝ አደረገች። ክላውድ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አንዱ ላይ የመጣው ሌላውም ላይ ከመጣልኝ ምን ቸገረኝ! አንዱ ላይ የጠፋው ሌላውም ላይ እንደሚጠፋ ግን ማንም አልነገረኝም። ሴና ነግሬሻለሁ ትላለች፤ ውሸቷን ነው።

እሁድ ጠዋት ነው። ታብሌቱ ሞልቻለሁ፣ ቦታ የለኝም እያለ ይነዘንዘኛል። ከፈትኩት፤ የደገፋ መልእክት ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ይሄ እኮ ስልኬ ላይ አለ፣ ሁለት ቦታ ምን ይሠራል አልኩና ሙልጭ አድርጌ ሰረዝኩት። ቀጥሎ «በቅርቡ የተሰረዙ» የሚል ሌላ ሳጥን አገኘሁ። ቆሻሻ ከቤት አውጥቶ በር ላይ መተው አልወድም፤ እሱንም አጸዳሁት። ታብሌቱም ዝም አለ፣ እኔም እጄን ታጥቤ ስልኬን አነሳሁ።

ባዶ ነበር።

ደገፋ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ፣ ፋሻው ሳይፈታ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ስንሰቀሰቅ የላከልኝ የመጀመሪያ መልእክት እዚያ ውስጥ ነበር። «አለሁ። ሾርባው ጨው የለውም» ነበር ያለኝ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ እየሳቅኩ ሳለቅስ ነርሷ አብዳለች ብላ ውኃ አምጥታልኛለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ቁጣው፣ ቀልዱ፣ በትዳራችን ውስጥ በአፉ ብሎኝ የማያውቀው «እወድሻለሁ» ሁሉ እዚያ ነበር። ሰው ድምፁን ሁለት ጊዜ ያጣል? በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ደገፋ ፊቴን አይቶ «ምን ሆንሽ?» ብሎ ጻፈ። ባዶው ገጽ ላይ ያቺ ብቻ ቁጭ አለች። እሷን ሳይ ባሰብኝ። የሱን ስልክ እንዳላይ፣ አሮጌ ስልኩን ታክሲ ውስጥ መንትፈውት ይሄኛውን የገዛነው በቅርቡ ነው። የተፈጠረውን ስነግረው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «እንደገና እጽፍልሻለሁ» አለ። እንደገና ይጻፋል እንዴ!

ሴና የምትኖረው ሰንጋ ተራ ነው፤ ስደውልላት ፒጃማዋ ላይ ጃኬት ደርባ መጣች። ታብሌቱን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«እማዬ፣ ከተሰረዙት ውስጥም አጠፋሽው?»

«ማጽዳት ጥፋት ነው?»

ስልኬ ውስጥ ገብታ ስትጎረጉር ቆየችና ድንገት ቀና አለች። «አሮጌው ስልክሽ የት ነው?»

«ለእትዬ ፋዮ ሰጠኋቸው።» እትዬ ፋዮ የደገፋ ታላቅ እህት ናቸው።

«ስትሰጫቸው አካውንትሽን አውጥተሻል?»

እኛ ዘንድ ስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ሲሙ ይወጣል፣ መስታወቱ በነጠላ ጫፍ ይወለወላል፣ «በደስታ ተጠቀሙበት» ይባላል። ሌላ የሚወጣ ነገር እንዳለ በምን ልወቅ? ሴና ግን ልትስቅ ምንም አልቀራት። ያ ስልክ እስካሁን በኔ ስም እንደሚሠራ፣ የኔ መልእክት ሁሉ እሱም ላይ እንደሚገባ ነገረችኝ። መጨረሻ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘው ደግሞ ባለፈው እሁድ ነው።

«ገባሽ? መጥፋቱን ገና አልሰማም። ዳታ እስካልከፈቱ ድረስ መልእክቶቹ በሙሉ እዚያ አሉ። ከከፈቱ ግን እሱም ላይ ያኔውኑ ይጠፋል።»

እትዬ ፋዮ የኢንተርኔት ጥቅላቸውን ይሰስታሉ። ዳታ የሚከፍቱት በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የልደታ ማርያም ግቢ ውስጥ ተቀምጠው የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ ሊያዩ ነው። ስንቴ ስቀንባቸዋል! ዛሬ እሁድ ነው፤ ቅዳሴውም እየወጣ ነው። ደወልን፣ አያነሱም። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ድምፁን ያጠፉታል። እኔ ነጠላዬን ስፈልግ ደገፋ ጫማውን አጥልቆ ደረጃው ላይ ነበር።

ግቢው በሕዝብ ተሞልቷል። ነጭ የለበሰ ሁሉ እትዬ ፋዮን መሰለኝ። ደገፋ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ሲቃኝ አየሁት፤ ስንቱን ሰው ሲጠራ የኖረ ሰው እህቱን መጥራት አልቻለም። በሱ ፈንታ እኔ ጮህኩ።

«እትዬ ፋዮ! እትዬ ፋዮ ሆይ!»

ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አገኘናቸው። ጣታቸው መስታወቱ ላይ ነው።

«ዳታ እንዳይከፍቱ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ብድግ አሉ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ስልኩን ብቻ ይስጡኝ!»

አልሰጡኝም። ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ሴና ደርሳ «አክስቴ፣ የእማዬ መልእክቶች እዚህ ስልክ ላይ ናቸው» ስትላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ደገፋ አዩና አንገታቸውን ደፉ።

«አወቃችሁብኝ?» አሉ።

ቤት ይዘናቸው መጣን። ሴና ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ መገልበጥ ጀመረች። ከላይኛው ጫፍ ላይ «አለሁ» የሚለውን ሳየው ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። እትዬ ፋዮ ሳይጠየቁ ተናዘዙ። ስልኩን ከተቀበሉበት ጊዜ ጀምሮ ዳታ በከፈቱ ቁጥር የኛ ወሬ ይገባላቸዋል። መጀመሪያ የሰው ነገር ነው ብለው ሊተዉት ነበር፤ ግን የደገፋን ስም አዩ።

«አነበቡት?» አልኩ። የጻፍኩት ሁሉ ትዝ እያለኝ ነው።

«እኔ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩ ሰው፣ ጮክ ካላልኩ አይገባኝም። በሬን ዘግቼ ነው የማነበው።»

«ሁሉንም?»

«'እህትህ ዛሬም መጥታ መጋረጃዬን አሽሟጥጣ ሄደች' ያልሽውን ማለትሽ ነው? አንብቤዋለሁ። ግን ኮከቤ፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ መታጠብ ነበረበት።»

ላብ አጠመቀኝ። ሴና ኮምፒውተሯ ኋላ ተደብቃ ትስቃለች። ቀስ እያለ ደግሞ ሌላው ነገር ይገባኝ ጀመር። ደገፋ ጨጨብሳ አማረኝ ብሎ በጻፈልኝ ሰሞን፣ እትዬ ፋዮ እሁድ ለጉሮሮው እንዲመች አድቅቀው አለስልሰው ያመጡለት። አንገቴን በረደኝ ባለ ጊዜ የሹራብ ስካርፍ ይዘው የመጡት። እንዴት አወቁ ስላቸው «ልቤ ነገረኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም ይቺ ሴት ደግሞ ነቢይ ልትሆን ነው ብዬ በሆዴ እበሳጭ ነበር።

«ምነው ቢነግሩን?» አልኩ።

«ብነግራችሁ ትዘጉብኛላችኋ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ደገፋ ማታ ማታ ይደውልልኝ ነበር። ስለ ምንም ነው የምናወራው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቴ። ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ስልኬ ጭጭ አለ። ሲመጣም ፈገግ ብሎ ተቀምጦ ይሄዳል። ወንድሜን ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያናድደው የማውቀው በዚህ ብቻ ነው። ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ ለንስሐ አባቴም ተናግሬያለሁ። ግን አልተውኩትም።»

ደገፋ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቆይቶ ስልኩን አወጣና ለኔ ጻፈ፤ አነበብኩላቸው። «ፊደል የምትለይ አልመሰለኝም ነበር። ጠይቄያት እንኳ አላውቅም።»

እኔ በሰው ነገር የሚገባ ሰው አልወድም፤ መቀሴን እንኳ ሰው ሲነካብኝ እቆጣለሁ። ያን ቀን ግን ቁጣዬን ብፈልገው አጣሁት። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ የባሌን ድምፅ ቀብሬው ነበር» አልኳቸው። እሳቸው «ተነሺ፣ ተነሺ» እያሉ ራሴን ይዳብሳሉ።

ሴና ገልብጣ ጨረሰችና ሁለት ቦታ ማስቀመጧን አሳየችኝ። ከዚያ «እማዬ፣ ይሄን ስልክ አሁን ከአካውንትሽ ላውጣው?» አለች። እትዬ ፋዮ መሬት መሬት አዩ።

«ተይው፤ እንዳለ ይሁን» አልኩ።

ዳታ ሲከፈት ያለፈው ሁሉ ከዚያ ስልክ ላይ እንደሚጠፋ፣ አዲሱ ብቻ እንደሚመጣ ሴና አስረዳቻቸው። ራሳቸው ከፈቱት። እያየን ገጹ ነጣ። «ሄደ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ደገፋ አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠና ይጽፍ ጀመር። ረጅም ጊዜ ጻፈ። የኔ ስልክ፣ ታብሌቱና የሳቸው ስልክ አንድ ላይ ጮኹ። መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ እየጎተቱ፣ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አነበቡ።

«ፋዮ፣ ድምፄ ሲሄድ አንቺም የሄድሽብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ስትሰሚኝ ኖረሻል። ተባረኪልኝ። ጨጨብሳው ግን ቅቤ ያንሰዋል።»

እትዬ ፋዮ ድምፀ ወፍራም ናቸው። ስንት ዘመን ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ፤ ቃሉን መጨረሻው ላይ ጫን እንደሚያደርጉት፣ ልክ ደገፋ ያደርገው እንደነበረው፣ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። የደገፋ ቃል በእናቱ ልጅ ጉሮሮ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ተመስገን አልኩ። ደገፋ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር።

እትዬ ፋዮ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ይቺው ናት? አለቀ?» አሉት።

ደገፋ አቀርቅሮ ሌላ መጻፍ ጀምሮ ነበር።