የሽመና መኪናችን ምን አጠፋች?

አባቴ የሽመና መኪናችንን የሚሸኝ የቡድሃ መነኩሴ ጠራ። እዚህ ኒሺጂን፣ በሸማኔዎቹ ሰፈር፣ ዕድሜ ልኩን ያገለገለ ዕቃ ዝም ብሎ አይጣልም፤ ሩዝና ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ቀርቦለት፣ ተጸልዮለትና ተመስግኖ ነው የሚሄደው። የኛዋ ግን ገና ብርቱ ናት። ጥፋቷ፣ በአባቴ ፍርድ፣ በጩኸቷ የአያቴንና የእሱን ጆሮ መብላቷ ነው።

«አንቺንስ አታገኝሽም!» ይለኛል እየጮኸ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ ዝግ ባለ ድምፅ ማውራት ትቷል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሽመና ሌላ የተመኘሁት ሥራ የለም።

መነኩሴው የሚመጡት ከሰዓት ነበር። ጠዋት ግን የአባቴ የጆሮ ሐኪም ዶክተር ኦዜኪ፣ ከሁለታችንም የወሰደችው የደም ምርመራ ውጤት ደርሷል ብላ አስጠራችን።

«የመኪና ጩኸት አስቀድሞ የሚወስደው ቀጭን ድምፅ ነው» አለችኝ። «አባትሽ ግን የወፍ ጫጫታ እየሰሙ የወንድ ጎርናና ድምፅ ያመልጣቸዋል። ይሄ በዘር የመጣ ነው።»

እንዳስረዳችን፣ በሴሎቻችን ውስጥ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ እነሱን የሚያስፈትል ዘረመልም አለ። የጆሮ ጥቃቅን ፀጉሮች ቀጥ ብለው የሚቆሙት በነዚያ ክሮች ነው። ይህ ፈታይ ዘረመል ግን በኛ ቤት መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

«አንቺም አለብሽ፣ ቺጉሳ። እያደር ጆሮሽ መድከሙ አይቀርም።»

የሐኪሟ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ አባቴ ሁሉንም ሰማ። እንባው መጣ።

«እኔ ነኛ የሰጠሁሽ!»

«እነዚህን ጣቶችም የሰጠኸኝ አንተ ነህ፣ አባዬ። መኪናዋ እኮ ነፃ ወጣች!»

መደንገጤን አልክድም። ግን ደስታዬ በለጠ። ዶክተር ኦዜኪን ዕድሜ ይስጣት፤ እውነቱን ባትነግረን ማታ መኪናዋ አትኖርም ነበር።

ቤት ስንመለስ መነኩሴው ደጅ ቆመው አገኘናቸው። አባቴ አልፏቸው ገባና መኪናዋ ፊት ተንበረከከ።

«ባልዋልሽበት ወነጀልኩሽ። ይቅር በይኝ» አላት።

«ታዲያ ማንን ልሸኝ?» አሉ መነኩሴው። አባቴ አልሰማቸውም፤ እኔ ደገምኩለት።

«ማንንም! ይመርቁልን። ሳኬው ግን ከቀረበ አይመለስም፣ ይጠጡልን!»

ከዚያ የመኪናዋ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። መወርወሪያውን ስወረውር እሱ መዳፉን እንጨቷ ላይ አሳርፎ ምቷን ይከታተላል። ቸኮልኩ፤ እጄን ያዘኝ።

«ቀስ በይ ልጄ። እኔ ስጣደፍ ኖሬ፣ ድምፅዋን ሳልጠግብ ጆሮዬ ሄደ። አንቺ ጠግበሽ ስሚያት።»