በግራ እጅ የተማሩት ዳንቴል

ዳይሬክተሩ የእጅ ሥራ ማዕከሉን ሰፊ ክፍል ለስብሰባ አዳራሽነት ሰጥቶ «ከእንግዲህ ትምህርቱ ከቤትሽ፣ በኢንተርኔት ነው፤ እየተቀረጸም ይቀመጣል» ካላት ቀን ጀምሮ የዳንቴል መምህርቷ ደሟ እንደፈላ ነው። ለማስተማሪያ የቀራት የምግብ ጠረጴዛዋ ግማሽ ነበር፤ ሌላው ግማሽ የታናሽ እህቷ የልብስ መተኮሻ ነው። ስልኳን ከመብራት ማቆሚያው ጋር በክር ጠፍራ አሰረችው። ክሩ በላላ ቁጥር ስልኩ አንገቱን ይደፋል፤ እሷም ዳይሬክተሩን ከነዘር ማንዘሩ ታነሳለች።

«እቴቴ፣ ሰውየው እኮ አይሰማሽም» ትላለች እህቷ ካውያውን እየገፋች።

«ባይሰማኝም ትን ይበለው!»

ትምህርቱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለሙከራ ከፍታ ራሷን በስልኩ ላይ ስታይ ክው ብላ ቀረች። እሷ ኪሮሹን የያዘችው በቀኝ እጇ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለችው ሴት ግን እንደ መስታወት ምስል በግራዋ ይዛለች። ተማሪዎቼ የሚያዩት ይህንን ከሆነ ሁሉንም ነገር ገልብጠው ሊማሩት ነው ብላ ደነገጠች። ማንንም አልጠየቀችም፤ ማንን ትጠይቅ? ዳይሬክተሩ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ለእነሱ ቀና ሆኖ እንዲታያቸው እሷ ተገለበጠች። ማለዳ ማለዳ እየተነሳች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ግራ እጇን እንደ ሕፃን ልጅ እጅ ኪሮሽ አስጨበጠችው። ጣቷ ተወጋ፤ አንጓዋ አበጠ። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት ግን በቀኟ መሥራት ጀመረች፤ መምህርቷንም ያ በቃት።

ተማሪዎቿ ግን የኋሊት ሄዱ። በክፍሉ ሳሉ እየተጫወቱ ሰንሰለት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች አሁን ክሩ ይተበተብባቸው ጀመር። በስልኩ ላይ በየትንንሹ መስኮት የሚታያት ፊታቸው ብቻ ነው፤ እጃቸው ከታች ተደብቋል። ቀድሞ ከኋላቸው ቆማ፣ ጣቷን በጣታቸው ላይ አሳርፋ ታርማቸው ነበር። አሁን የቀራት ጩኸት ሆነ።

«በቀኝ እጃችሁ አልኩ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?»

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ከተማሪዎቿ አንዱ፣ ጋሼ ሹፌሩ፣ በዚያው በቪዲዮው ደወሉላት። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መሪ ላይ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ «እጄ ሥራ ፈታ» ብለው ዳንቴል የጀመሩ ሰው ናቸው።

«መምህራችን፣ እንዳትቆጪ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምንድን ነው በግራ የምታሠሪን?»

«በግራ? በቀኝ ነው እንጂ!»

«አፍሽ ቀኝ ይላል፤ እጅሽ ግራ ነው። የትኛውን እንመን ብለን ተመካከርንና እጅሽን አመንን።»

እህቷ ይህን ስትሰማ ካውያውን አስቀምጣ በራሷ ስልክ እንደ ተማሪ ገባችና የሚታየውን አሳየቻት። እውነትም ምስሉ አልተገለበጠም። ስልኩ መስታወት የሚሆነው ለባለቤቱ ብቻ ነበር፤ ተማሪዎቿ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጇን እንዳለ ሲያዩት ኖረዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም፣ ጋሼ?»

«ማን ደፍሮ? ገና ስልኩ ሲከፈት ተቆጥተሽ ነው የምትመጪው። እኔን በዚህ ሁሉ ዘመኔ ትራፊክ ፖሊስ እንኳ እንዲህ አስፈራርቶኝ አያውቅም!»

እህቷ ሳቀች። እሷ ግን ቁጣዋ ማረፊያ አጥቶ ወደ ራሷ ዞረባት።

በማግስቱ፣ ትምህርቶቹን እንደገና ልቅረጻቸው ብላ ለመጠየቅ ወደ ማዕከሉ ሄደች። አፏን ሳትከፍት ዳይሬክተሩ ቀደማት።

«እንኳን መጣሽ! ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አትደክሚም። የተቀረጸው ይበቃናል፤ ነባሩም አዲሱም ተማሪ እሱን ያያል።»

«እርስዎ አይተውታል?»

«አንድም ሳላስቀር! ጥርት ያለ ነው።»

ከቦርሳዋ ኪሮሽና ክር አውጥታ ዘረጋችለት። «እስቲ ቪዲዮው ላይ እኔ እንደያዝኩት ይያዙልኝ።»

እየሳቀ በቀኝ እጁ ያዘው።

«አላየኸውም» አለች፤ አንቱታው እዚያው ላይ ተበጠሰ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በግራ እጄ ነው የሠራሁት። ተሳስቻለሁ፤ ሰዎቼንም አሳስቻለሁ። አጠገቤ ቢሆኑ ግን አንዱን ቋጠሮ ሳይጨርሱ ስህተቱን አየው ነበር። አንተ ክፍል ብቻ አይደለም የወሰድከው፤ ዓይኔን ነው!»

እሱ ኪሮሹን አገላበጠው። «ይኼ ምን ያስቆጣል? ቪዲዮው ይገለበጣላ! የኮምፒውተር ክፍል ልጆቹ አሁኑኑ ያስተካክሉታል።»

እውነቱን ነበር፤ ይበልጥ ያንገበገባትም ያው ነው። የእሷ አንጓ ያበጠበት ነገር በጣት ነካ ተደርጎ ሊቃና!

«ገልብጠው» አለች፣ ኪሮሿን ከእጁ እየነጠቀች። «ቪዲዮውን እንዳሻህ ገልብጠው። የተማሪዎቼን እጅ ግን አንተ አትገለብጠውም።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ተማሪዎቿ እሷው ጠርታቸው ወንበር ወንበራቸውን ተሸክመው ቤቷ መጡ። መተኮሻው ወደ ኮሪደር ተባረረ፤ እህቷም «እቴቴ፣ እኔንስ የት ልትሰቅይኝ ነው?» እያለች ተከተለችው። ጋሼ ሹፌሩ ገና ከመቀመጣቸው ኪሮሹን በግራቸው ጨበጡ። ከኋላቸው ቆማ ቀስ ብላ ወደ ቀኛቸው አዛወረችው። ጣታቸው ግን እንቢ አለ፤ ኪሮሹ ተመልሶ ግራቸው ላይ ተገኘ።

«ተቆጣሽ?» አሉ ዞረው ሳያይዋት።

«በጣም። በእርስዎ ግን አይደለም። ደግሞም ከእንግዲህ ብቆጣም ይንገሩኝ።» ልታሳያቸው የራሷን ኪሮሽና ክር ይዛ አጎነበሰች።

ጋሼ እጇን አዩት።

«እንግዲያው ልንገርሽ፣ መምህራችን» አሉ፤ «ያንቺም ኪሮሽ ግራሽ ላይ ነው።»