ሰቦቃ የግድቡን በር የዘጋበት ዕለት

ሰቦቃ የግድብ ዘበኛ ከመሆኑ በፊት ገበሬ ነበር። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ሁለቱ ኮረብቶች ተጠጋግተው ወንዙን በሚያጠቡት ቦታ ላይ ግድቡ ሲሠራ፣ ውሃው ከዋጣቸው ማሳዎች አንዱ የእሱ የገብስ ማሳ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በምትኩ ካፖርት፣ ቦት ጫማና የዘበኝነት ሥራ ሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት ውሃውን ባየ ቁጥር ማሳው ትዝ ይለው ነበር። እያደር ግን ለመደው፤ ከመልመድም አልፎ ወደደው። ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ግድቡ አናት ይወጣና ውሃው ስንት እንደደረሰ ያያል፤ በሬዎቹን ያይ እንደነበረው ማለት ነው።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ከግድቡ ግርጌ ውሃ የሚያስወጣ የብረት በር አለ። በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው አናቱ ላይ በተተከለ መዘውር ነው። በበጋ ከታች ላሉት አትክልተኞች በመጠኑ ይለቅላቸዋል፤ በክረምት ይዘጋውና ግድቡ እስኪሞላ ይጠብቃል። እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ሥራው ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት በነሐሴ ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ከእንጦጦ በኩል ዶፍ ወረደ። ግድቡ ውስጥ ጠብታ የሚይዝ ቦታ አልነበረምና የመጣው ሁሉ በግድቡ ትከሻ ላይ እየዘለለ አለፈ። ከታች ያለውን ድልድይ ውጦ የሰባት ሰው ጓሮ፣ የአንድ ቤት ግድግዳና የነጋዴውን የሙዘይንን የእህል መጋዘን ጠራርጎ ወሰደ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ሰቦቃን ማንም አልወቀሰውም፤ እሱ ግን ማታ ማታ ራሱን ይጠይቅ ነበር፤ ቀድሜ ጥቂት አጉድዬው ቢሆንስ?

ጥያቄውን ለመሐንዲሱ ለወልደ ኢየሱስ አቀረበለት። ወልደ ኢየሱስ በወር አንድ ጊዜ በላንድሮቨር የሚመጣ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ቀጭን ወጣት ነው። ሰቦቃ የሚስቅበት መስሎት ፈርቶ ነበር፤ ወልደ ኢየሱስ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ይህንን ማን ነገረዎት?» አለው።

«ማንም አልነገረኝ። ጎርፉ ቁሜ እያየሁ ነው የሄደው።»

በሚቀጥለው ወር መሐንዲሱ ነጭ ቀለም ይዞ መጣና በግድቡ ውስጠኛ ፊት ላይ በየክንዱ መስመር አሰመረ። ከዚያ ወዲያ በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ከአናቱ አራት ክንድ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ፣ ከጳጉሜን ጀምሮ እንዲሞላ ተስማሙ።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ፤ ጎርፍም አልመጣም። የ1954 ግንቦት ግን ክፉ ሆነ፤ የበልጉ ዝናብ ቀረና የግድቡ ውሃ ሊያልቅ ደረሰ፤ አትክልቱ ጠወለገ። ስለዚህ ክረምቱ ገብቶ አትክልተኞቹ ሰቦቃ ውሃ ሲለቅ ባዩ ጊዜ አጉረመረሙ። በነሐሴ አንድ ሐሙስ ጠዋት አስካለችና ሙዘይን ዳገቱን ወጥተው መጡ። አስካለች ከድልድዩ አጠገብ ጎመንና ካሮት እያለማች ሾላ ገበያ የምታወርድ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ስትናገር ከጓሮዋ ጉብታ እስከ ግድቡ ድምፅዋ ይሰማል ይሏታል።

«ጋሽ ሰቦቃ፣ ይኸ የሚያፈሱት ውሃ የማን ነው?» አለች፣ ሰላምታው እንዳለቀ።

«የእናንተው ነው።»

«ታዲያ ለምን ይደፉብናል? ግንቦት ላይ ካሮቴ ጣቴን አክሎ ቀረ! ከጉድጓድ በባልዲ ስጎትት ወገቤ ተቆረጠ። ዛሬ ደግሞ ያው ውሃ በደጄ ሲያልፍ ቁጭ ብዬ ልሸኘው?»

ሙዘይን ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ጎርፉን አልረሳሁትም። መጋዘኔን ነው የወሰደው፤ እንዴት እረሳለሁ? ግን ሰቦቃ፣ ሁለት ዓመት ምንም አልመጣም። ትንሽ ከፍ ብታደርገው ምን አለበት?»

ሰቦቃ ወደ ግድቡ አናት ይዟቸው ወጣና የዱላውን ጫፍ ከዳር ባለው ሣር ውስጥ ሰክቶ ነቀለው። ጉድጓዱ ወዲያው ውሃ ሞላ።

«አያችሁ? ምድሩ ጠግቧል። ሰኔ ላይ ቢሆን የዝናቡን ግማሽ እሱ ይጠጣልኝ ነበር። አሁን የሚዘንበው ሁሉ ተንደርድሮ እዚህ ነው የሚገባው። ይህ ባዶ የምታዩት አራት ክንድ ለዚያ ያስቀመጥኩት ቦታ ነው።»

አስካለች ወደ ውሃው ጠርዝ አየች። ውሃው የሸሸበት ጭቃ ላይ የድንጋይ ካብ ተጋድሟል። «ያስ ምንድን ነው?»

«የማሳዬ ድንበር። የላይኛው ጫፍ ነው፤ ሌላው ከውሃው ሥር ነው።»

አስካለች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ጎርፉ ባይመጣስ?» አለች።

«ባይመጣ ጳጉሜን ላይ እዘጋዋለሁ። በመስከረምም ይዘንባል፤ ይሞላል። ካልሞላ መጥተሽ ተቆጪኝ።»

«እቆጣለሁ እንጂ! ብቻዬንም አልመጣ።»

ሰቦቃ ሳቀ። ከዚያ ልቡ ውስጥ የነበረውን ሌላ ነገር አወጣ። ከአስካለች ጓሮ በታች፣ ወደ ወሰን ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። አንደኛው ይህ የተገደበው ነው፤ ሌላኛው ግን ምንም የሚይዘው የለም። በ1951 ጎርፍም ድልድዩ የተዋጠው ሁለቱ እኩል በመድረሳቸው ነበር።

«የኔን ወንዝ ልይዘው እችላለሁ፤ ያኛውን ግን ከዚህ ሆኜ አላየውም፤ ባሕር ዛፉ ይጋርደኛል» አለ። «አንቺ ከጉብታሽ ላይ ታዪዋለሽ። እኔ ደግሞ ጉብታሽን አያለሁ። ጎርፍ የመጣ ቀን ያኛው ወንዝ ሲያብጥ አንድ ነገር ስቀይልኝ፤ ሲጎድል አውርጂው። ነጠላሽም ይበቃል።»

«ነጠላ በዝናብ ማን ያየዋል! የባለቤቴ ቀይ ብርድ ልብስ አለኝ» አለች አስካለች፤ ጥሉ በዚሁ አለቀ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ሰቦቃ ገና በማለዳ ሰማዩን አልወደደውም። አየሩ ለነሐሴ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ከእንጦጦ ራጉኤል ጀርባም ደመናው አንዱ በአንዱ ላይ እየተቆለለ ነው። በሩን ሁለት ዙር ጨምሮ ከፈተው። ለማስጠንቀቂያም ከመዘውሩ አጠገብ የተንጠለጠለውን የሐዲድ ቁራጭ በመዶሻ ደጋግሞ መታው። ከታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ዕቃቸውን ሰብስበው ከወንዙ ወጡ። እስከ ስድስት ሰዓት ውሃው ተጨማሪ ግማሽ ክንድ ጎደለለት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። መጀመሪያ በረዶ ሆነ፤ ኮረብታው በአንድ አፍታ ጥጥ መሰለ። ከዚያ ዝናቡ ተከተለ። ሰቦቃ ካፖርቱን ራሱ ላይ ጥሎ መዘውሩ አጠገብ ቆመ። ዓይኑ በጉብታው ላይ ነው፤ ግን ከዝናቡ መጋረጃ በቀር የሚታይ የለም። ከላይ የሚመጣው ውሃ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና ሥር ተሸክሞ፣ እያጓራ ግድቡ ውስጥ ይገባል። አንዱ ነጭ መስመር ጠፋ።

ነፋሱ መጋረጃውን ለአፍታ ገለጥ ሲያደርገው ጉብታው ላይ ቀይ ነገር ታየው። ሰቦቃ አላመነታም። መዘውሩን ይዞ አዞረው፤ በሩ ጭርር እያለ እስከ መጨረሻው ተዘጋ።

ሙዘይን በጭቃ ተለውሶ፣ ጃንጥላው ተገልብጦ፣ እያለከለከ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

«ሰቦቃ! ምን ማድረግህ ነው? እየሞላ እኮ ነው፣ ክፈተው እንጂ!»

«ያኛው ወንዝ ሞልቷል። አሁን ብከፍተው ሁለቱም ድልድዩ ላይ ይገናኛሉ።»

«ግድቡ ቢፈርስስ?»

«ቦታ አለው። መስመሩን እየው፤ ሦስት ክንድ ይቀረዋል።»

ሦስቱ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አንድ ተኩል ሆነ። ሰቦቃ ለሙዘይን ያልነገረው ነገር ነበር። አንድ ስንዝር ብቻ ሲቀር ብርድ ልብሱ ወረደም አልወረደም በሩን ሊከፍት ለራሱ ቆርጧል። ግድቡ ላይ ሲዘል ያየውን ያንን ውሃ ዳግመኛ ማየት አይፈልግም። ግን በሩን ቢከፍትም የሚሄደው እነዚያው ሰዎች ላይ ነው። እጁ ብረቱ ላይ እንዳለ፣ «ዋቃዮ፣ ጥቂት ጊዜ ስጠኝ» እያለ አምላኩን በአባቱ ቋንቋ ለመነ። ሙዘይንም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በበኩሉ ይጸልያል።

አንድ ክንድ ቀረ። ውሃው ከዚያም አለፈ። ሰቦቃ የጠዋቱን ግማሽ ክንድ አሰበ፤ ያንን ባያጎድል ኖሮ ይኸኔ ውሃው የቆረጠው ስንዝር ላይ በደረሰ ነበር።

ዝናቡ ቀጠነ። ጉብታው ጠርቶ ታየ፤ ቀዩ ብርድ ልብስ በሁለት እጅ ተይዞ፣ ከፍ ብሎ፣ እርጥበት አክብዶት እየተወዛወዘ ነው። ሴትዮዋ ለምን ያህል ጊዜ እንዲህ ይዛው እንደቆመች እግዜር ይወቅ። ሁለቱ ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ተመለከቱ። ብርድ ልብሱ ዝቅ አለ፤ እንደገና ከፍ አለ፤ ሐሳቧን የቀየረች ይመስል። ከዚያ ወረደና መሬት ላይ ተጣለ።

«ጎደለ!» ብሎ ጮኸ ሙዘይን፤ መዘውሩን ለመያዝም ተንደረደረ።

«ቀስ!» አለ ሰቦቃ። «አንድ ዙር ብቻ። የያዝነውን ባንዴ ከለቀቅነው ጎርፉን እኛው ሠራነው ማለት ነው።»

አንድ ዙር ከፈቱ። ጠበቁ። ከታች ወንዙ ደረቱን ነፋ እንጂ ከአልጋው አልወጣም። ሌላ ግማሽ ዙር ጨመሩ። እንዲህ እየተፈራረቁ፣ አንዱ መዘውሩን ሲያዞር ሌላው ወንዙን እያየ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆዩ። ሙዘይን ሰው ልኮ ከሱቁ ዳቦና ሻይ አስመጣ፤ ሰቦቃ በዕድሜው እንደዚያ ሻይ የጣፈጠው ነገር የለም። ግድቡ ወደ አራት ክንዱ የተመለሰው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው።

ሰኞ ወልደ ኢየሱስ መጣ። ላንድሮቨሩ ዳገቱ ላይ ጭቃ ስለያዘው ቀሪውን መንገድ በእግሩ ነው የወጣው። ድልድዩን አይቶ መጥቷል፤ ውሃው የነካው ከመተላለፊያው ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ ነው። መስመሮቹን አየ፤ ውሃው የደረሰበትን የጭቃ ምልክት በእጁ ዳሰሰ፤ መነጽሩን ወለወለ። «ያኛው ወንዝ የጎደለበትን ሰዓት እንዴት አወቁ?» አለ።

ሰቦቃ አፉን ሳይከፍት አስካለች ደረሰች። ጥያቄውን ሰምታ ኖሮ ወዲያው ትነግረው ጀመር። በረዶው የጡጫ ያህል ነበር፤ እጇ ዝሎ አንድ ጊዜ በስሕተት አውርዳው ነበር፤ ወንዙ በሬ የሚያህል ድንጋይ ይዞ ሲወርድ በዓይኗ አይታለች። ሁለት መደብ ጎመን ሄዶባታል፤ ካሮቱ ግን እንዳለ ነው። ሰቦቃ ድንጋዩ የበግ ያህል እንኳ እንደማይሆን እያወቀ ፈገግ አለ። ሰውነቱ ሁሉ ቀለል ብሎታል፤ ፀሐዩ ጀርባውን ያሞቀዋል።

«ስለዚህ» አለች አስካለች ስትጨርስ፣ ወደ መሐንዲሱ ዞራ፣ «እኔም ከእንግዲህ የግድቡ ሰው ነኝ። ጉብታው ላይ መጠለያ ይሥሩልኝ። በበረዶ መደብደብ አንድ ጊዜ ይበቃኛል።»

ወልደ ኢየሱስ ሳቁን እንደያዘ ደብተሩን አወጣ። «ስንት ቆርቆሮ ይበቃል?»

«ስድስት። በሩ ደግሞ ወደ ግድቡ ይዙር፤ ጋሽ ሰቦቃ ሲያንቀላፉ እንዳያቸው።»

«ስምንት ይጻፉላት» አለ ሰቦቃ። «ሙዘይንም መጥቶ መቀመጡ አይቀርም።»