ምንጣፍ የሌለው በረንዳ

አክስት ሬጂና ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ሁለት እግር ነው። እግሮቹ ከበረንዳው ሥር ወጥተው አቧራው ላይ ተዘርግተዋል። ከበላያቸው ያለው ወለል ተቦድሷል።

«ወይኔ ልጄን! ወለሉ ዋጣት! ብዬ ነበር እኮ! የጎረቤት ያለህ!»

ጎረቤት ሳይደርስ እግሮቹ ተንቀሳቀሱ። ኢያሚዴ በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ወጣች። ፀጉሯ የሸረሪት ድር ለብሷል፤ እጇ ላይ መዶሻ አለ።

«አልወደቅሁም አክስቴ። ምንጣፉን በዳር ገልጬ ሳንቃውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከሥር ያሉትን ተሸካሚ እንጨቶች እያየሁ ነበር።»

«አንቺው? ለገዛ ሽማግሌዎችሽ ጉድጓድ ትቆፍሪያለሽ?»

የእጮኛዋ የዳንደሰን ሽማግሌዎች የሚመጡት ቅዳሜ ነው። ፍሪታውን ውስጥ የሙሽራው ወገን እንዳንኳኳ አይከፈትለትም። ክቱን ለብሶ በረንዳው ላይ ይቆምና «ከአትክልት ቦታችሁ ጽጌረዳ አይተን መጣን» ይላል። ከውስጥ ያሉት «ቤት ተሳስታችኋል» ይሉታል፤ አንዷን ልጅ ያወጡለታል፣ አይደለችም ይላል፤ ሌላዋን ያወጡለታል፣ እሷም አይደለችም። ደጅ ያቆዩት በረዘመ ቁጥር የልጅቷ ክብር ከፍ ይላል። የኢያሚዴ እናት ቤት ግን የሳንቃ ቤት ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በረንዳው አዘንብሏል። አጎቷ «ተራራው ላይ ባለው የሲሚንቶ ቤቴ ይሁን» ብሏል። አክስት ሬጂናም ፈርዳለች፦ ዓርብ ማታ ወለሉ የእሷን የራሷን ክብደት ካልቻለ ሽማግሌ የሚቀበሉት አጎቷ ቤት ነው፤ ይሄም በረንዳ ይፈርሳል።

የኢያሚዴ እናት ለጋብቻ የተጠየቀችው በዚህ በር ላይ ነበር። ኢያሚዴ ይህን ለማንም አልተናገረችም። እንጨት ገዛች።

በማግስቱ ከአናጢው ከፓ ሞሞዱ ጋር የፕላስቲክ ምንጣፉን መግፈፍ ጀመሩ። አክስት ሬጂና የገና በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ ምንጣፍ ታነጥፋለች፤ አሮጌውን ግን አታነሳም፣ ከላዩ ትደርባለች። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው።

«ሽንኩርት ነው እንዴ የምንልጠው?» አለ ፓ ሞሞዱ።

«ቀስ በል! ይሄ ሰማያዊው ኢያሚዴ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት ያነጠፍኩት ነው» አለች አክስት ሬጂና።

የመጨረሻው ሲነሳ የታፈነ ውሃ ሸተተ። የተሸካሚዎቹ ጫፍ ጠቁሮ እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈረፈራል።

«እኔ ነኝ ያበሰበስኩት በለኛ!»

«እኔ ምን ወጣኝ እማማ? ምንጣፉ ነው የተናገረው።»

የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ እንጨት ደረቡበት። ሳንቃዎቹን ወደ መንገዱ ትንሽ አዘቀዘቋቸው፤ በመካከላቸውም ዝናብ የሚያልፍበት ቀጭን ክፍተት ተዉ። የኢያሚዴ መዳፍ ውሃ ቋጠረ። ዓርብ ሊመሽ ሲል አክስት ሬጂና ሙሉ ክብደቷን ይዛ ወጣችበት፤ ክብደቷም ቀላል አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ተራመደች። ወለሉ አልተነቃነቀም።

«ይሁን እሺ» አለች። ከዚያ በአበባ ያጌጠ አዲስ ጥቅል ምንጣፍ ከግድግዳው ሥር አነሳች። «ያዢልኝ፣ እናንጥፈው።»

ኢያሚዴ አንድ ነገር አለች።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ።»

«አይነጠፍም አክስቴ። ውሃ ያፍናል።»

«የዳንደሰንን ዘመዶች ባዶ እንጨት ላይ ላቁማቸው? ምንጣፍ እንኳ የላቸውም ይበሉን?»

«ይበሉ። ከተነጠፈ ግን ነገ ስጠራ አልወጣም።»

አክስት ሬጂና ይቺ ልጅ እምቢ ስትል ሰምታ አታውቅም። ጥቅሉን ታቅፋ «የሳቁብን እንደሆነ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ!» እያለች ሄደች።

ቅዳሜ ኢያሚዴን ጓዳ ደበቋት። ማየት አትችልም፤ የምትችለው መስማት ብቻ ነው። የእግር ኮቴ ወጣ፣ በላዩ ሌላ ኮቴ ተጨመረ። በሩ ተንኳኳ። አክስት ሬጂና ፈርታ ነው መሰል፣ ገና ከመንኳኳቱ የመጀመሪያዋን ልጅ አወጣች። «አይደለችም» አሉ ከውጭ። ከዚያ አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ምንጣፍ የላቸውም እንዴ?» አለች።

ኢያሚዴ የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች።

«ጫማዬን ያዙልኝ» አሉ የዳንደሰን አያት።

አንድ ተረከዝ ወለሉን መታ። ሳንቃው እንደ ከበሮ መለሰ። አሮጊቷ ደገሙት።

«ኧረ ይሄ ወለል ይዘፍናል! እናንተ፣ ጫማ አውልቁ!»

ጫማ ሲወረወር ተሰማ፤ ከዚያ ዘፈኑ መጣ፣ እግሩም ተከተለ። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ተንቃጨለ። ወለሉ ቻላቸው። አንዷ የአክስት ልጅ ወደ በሩ እጇን ዘረጋች።

«ንክች እንዳታደርጊው!» አለች አክስት ሬጂና። «ይጠብቁ! የማንን ልጅ ሊወስዱ መስሏቸው ነው?» በሩን በጣት ያህል ከፈት አድርጋ ጮኸች፦ «ጽጌረዳ የለንም! እዚህ ያለው ለወጥ የሚሆን የካሳቫ ቅጠል ነው!»

ውጭ ሳቅ ፈነዳ። ሁለተኛዋ ወጣች፣ ተመለሰች። ሦስተኛዋም እንዲሁ። በመካከሉ አክስት ሬጂና ከቤት ጠፋች። ትንሽ ቆይቶ ኢያሚዴ ከዳንኪራው መካከል አንድ ከባድ እርምጃ ለየች። አክስቷ በጓሮ ዞራ፣ ደንቡን ሁሉ ረስታ፣ ከሙሽራው ወገን ጋር እየጨፈረች ነው። ኢያሚዴ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠሯት። በሩ ተከፍቶ በእናቷ ደጃፍ፣ ባዶው ሳንቃ ላይ ቆመች። የዳንደሰን አያት «ይህችው ናት!» አሉ። ኢያሚዴ የሙሽራው ወገን ያመጣውን፣ ቀለበቱ ያለበትን ቅል በሁለት እጇ ተቀበለች፤ እንግዶቹም ወደ ቤት አንገባም ብለው እራቱ እዚያው በረንዳው ላይ ተበላ።