የውሰት ደም

ኤቤኖር ከማለዳ ጀምሮ በስኳር ፋብሪካው ክሊኒክ አጥር ሥር ቆሞ ይበግናል። ሸንኮራ ሲቆርጥ ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ እንደ ጀማሪ ለምርመራ ደም ካልሰጠህ ገጀራ አትይዝም ይባላል?

በቺናንዴጋ ሜዳ ኩላሊቱ የደከመ ቆራጭ «ክሬያቲኒን ያዘው» ነው የሚባለው። አንድ ጊዜ ከዋና ከተማው ከማናጓ የመጣ ሐኪም «ክሬያቲኒን እኮ በሁላችንም ደም ውስጥ አለ፤ ክፋቱ ኩላሊት ማጣራት አቅቶት ሲበዛ ነው» ቢል፣ መንደሩ በሙሉ «ምስኪን፣ እሱንም ይዞታል» ብሎ ከንፈር መጠጠለት። የያዘው ሰው ለቆረጣው ወቅት አይቀጠርም። ፋብሪካው ቶን እንጂ በሽተኛ አይፈልግም፤ በሽተኛ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን ጠያቂ የለም።

አምና ነርሷ ኤቤኖርን «ጠርዙ ላይ ነዎት፣ ትንሽ ቢጨምር አይቀጠሩም» ብላው ነበር። ዘንድሮ ምርመራውን ከወደቀ፣ ቤት ተቀምጦ የጎረቤት ዶሮ መጠበቅ ነው። ስለዚህ መንደሩ የለመደውን ዘዴ ያዘ፤ ልጁ ያዴር በአባቱ ስም ደም ሰጠለት። ያዴር የቡድኑ አንደኛ ቆራጭ፣ ክንደ ብርቱ ጎረምሳ ነው። የኤቤኖር መታወቂያ ላይ ያለው ፎቶ ደብዝዞ ከባለቤቱ ይልቅ ልጁን ይመስላል፤ ደም ቀጂውም ቀና ብሎ አላየም። የያዴር የራሱ ተራ ነገ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣» አለ ካቦው ዶን ሜሊኮ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ «አምና ከሰዓት በኋላ እየተንገዳገድክ የቡድኑን ቶን ወደ ታች ጎትተህብኛል።»

«ወገቤ ቀጥ ብሎ ስቆርጥልህ ሽማግሌ አልነበርኩም! አሁን ሲጎብጥ ነው ሽማግሌ የሆንኩት?»

«እኔ ምን ላድርግህ? ዳስ ጣልንላችሁ፣ ውኃ አመጣንላችሁ። ማን ጥላው ሥር አረፈ? ያንተ ልጅ እንኳ አንድ ቀን ቁጭ ሲል አላየሁትም።»

«በቶን እየከፈላችሁ ማን ይቀመጣል? ደግሞ ልጄ ወንድ ነው። ጥላ ለባልቴት ነው ብዬ ነው ያሳደግኩት!» አለ ኤቤኖር ደረቱን ነፍቶ።

ያዴር አጠገቡ ቆሞ ሰማ፤ አልሳቀም።

ነርስ አሱሴና ወጥታ ስሙን ጠራች።

«ዶን ኤቤኖር፣ አዝናለሁ። በጣም ከፍ ብሏል። ገጀራ መንካት የለም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።»

«ውሸት ነው!» ኤቤኖር አጥሩን በቡጢ መታው። «ማሽናችሁ ነው የታመመው! ያ ደም እኮ የኔ አይ...»

አፉን ያዘ።

«የእርስዎ ምን?»

«ምንም።»

«አይናደዱ አባቴ፣» አለች አሱሴና ለስለስ ብላ፣ «ዕድሜ ነው። በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል።»

«አላልኩህም?» አለ ካቦው። ኤቤኖር ልክ ልኩን ሊነግረው ዞረና ዓይኑ ያዴር ላይ አረፈ። አምና ልጁ ማሳው ዳር ሲያስመልሰው «ሙቀት ነው፣ ተነስ፣ ሰው ይስቅብሃል» ያለው እሱ ራሱ ነበር። አሁን የሚሰድበው ሰው አጣ።

ካቦው ሞተሩን አስነስቶ ሄደ፤ ነርሷም ሌላ ስም ለመጥራት ገባች።

«አባዬ፣» አለ ያዴር፣ «ነገ የኔ ተራ ነው። ለኔስ ማን ይሰጥልኛል?»

ኤቤኖር እጅጌውን መጠቅለል ጀምሮ ነበር። ጠርዝ ላይ ያለው የሽማግሌ ደም ዛሬ ከልጁ ደም ይሻላል። ከዚያ በዚያ ደም ልጁን መልሶ ወደ ማሳው ፀሐይ ሊልከው እንደሆነ ገባውና እጅጌውን መልሶ ዘረጋ።

«ማንም አይሰጥልህም፣» አለ። ፀሐይዋ ከረር ብላለች፤ ከክሊኒኩ ግድግዳ ሥር ትንሽ ጥላ ቀርታ ነበር። «ና ልጄ፣ እዚህ ጥላው ሥር ቁጭ በል።»