ሁለት መቶ ሜትር

ቀያሿ ያን ቀን ጠዋት የተሰጣት ሥራ ቀላል ነበር፤ አንድ የድሮ የወረቀት ካርታ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታ ከሳተላይት ፎቶ ጋር ማገጣጠም። ካርታውን ስትዘረጋው ግን ድልድዩ ከወንዙ ወጥቶ ማሳ ላይ ጉብ አለ። መንገዱም ምንጩም እኩል ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሸሽተዋል።

«ይሄ ደግሞ ምን ነካው?» ብላ የካርታውን ግርጌ አየች። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የመነሻ ሥርዓት ዛሬ የሚሠሩበት ሳይሆን የቀድሞው ነው። ቁጥር ያው ቁጥር ነው፤ ከየት ተነስቶ እንደተቆጠረ ካልታወቀ ግን ሌላ ቦታ ያደርሳል። ትክክለኛውን ሥርዓት መረጠችለት። ድልድዩ ወንዙ ላይ ልክክ አለ።

ደስ ሊላት ሲገባ ወረቀቱን እንደገና አየችው። ይህን ካርታ ታውቀዋለች። ወንድሟ የሞተው በዚሁ ካርታ ሲሠራ ነው።

እሱም ቀያሽ ነበር። ሁሉን ነገር በእርምጃው ስለሚለካ ሰፈሩ «ሜትሩ» ይለው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ገጠር ሥራ ላይ ሳለ ወባ ጣለው። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ባልደረቦቹ እዚያው ቀበሩት፤ አለቃቸውም ቦታውን ከካርታው ላይ አንብቦ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ለቤተሰቡ ላከ። ቁጥሮቹን ቦታ ጠቋሚው መሣሪያ (ጂፒኤስ) ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። ያኔ ገና ሥራ መጀመሯ ነበር፤ መሣሪያው የትኛውን ሥርዓት እንደምትፈልግ ሲጠይቃት ፊት ለፊት የመጣላትን አዲሱን ነክታ አለፈች። መሣሪያው እሷንና እናቷን ያደረሳቸው ቦታ ላይ የድንጋይ ክምር አገኙ። እናቷ ክምሩን አቅፋ «ልጄን አገኘሁት» አለች። ከዚያ ወዲህ የሞተበትን ቀን እየጠበቀች በየዓመቱ ትሄዳለች።

ቀያሿ ፈቃድ ጠይቃ በማግስቱ ብቻዋን ሄደች። የቀድሞውን ሥርዓት ስትመርጥለት መሣሪያው አሁን የመራት ወንዙ ዳር ነው። ዳሩ ተንዶ ገደል ሆኗል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ያርሳሉ።

«አባባ፣ እዚህ መቃብር ነበር እንዴ?»

«ነበር እንጂ። የመንገድ ሠራተኛ ነው ይሉ ነበር። ጠያቂ እንኳ የለው እያልን እናዝንለት ነበር። ታች አምና ጎርፉ ዳሩን ሲንደው አብሮ ሄደ።»

«ያ ማዶ ያለው የድንጋይ ክምርስ?»

«እሱማ እኔ ከማሳዬ የለቀምኩት ነው፣ ልጄ። አንዲት እናት በየዓመቱ እየመጡ ያለቅሱበታል። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ።»

ታች አምና! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፅሙን ልታነሳው ትችል ነበር።

ስትመለስ እናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች።

«የት ውለሽ ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው?»

ልትደብቃት ወስና ነበር የገባችው፤ አልቻለችም። «እማዬ፣ ያ ክምር እሱ አይደለም። ቁጥሩን በስህተት ያስገባሁት እኔ ነኝ» ብላ የጎርፉንም ሳይቀር ነገረቻት።

እናቷ እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ አጥፋ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ምን ያህል ይርቃል?»

«ሁለት መቶ ሜትር።»

«ብጣራው ይሰማኝ ነበራ!»

ቀያሿ እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነቻት። እናቷ «ተነሺ፣ አውቀሽ አይደለም» አለቻት፤ ስትናገር ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ወንድሟ የሞተበት ቀን ሲደርስ ቀያሿ እንደ ወትሮው መኪና ይዛ መጣች። እናቷ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«ወዴት ብዬ?» አለችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።